ያጋደለው የብዕር ጫፍ

ከአባቴ የቀረችኝ አንዲት ብዕር ብቻ ነበረች። እሱ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለንም። አንደኛ ክፍል ስገባ እናቴ "የአባትህ ናት" ብላ ሰጠችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ሰዓት መጠገን በራሴ ተምሬ መንደራ ቆጪ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ፣ ብዕሯ የት እንደተሠራች ለማወቅ ሦስት ዓመት ለፋሁ። የፋብሪካ ስም የለባትም። ጥቁር ናት፤ ፀሐይ ላይ ስትያዝ ግን ቡናማነቷ ይወጣል። ቀለም የምትስበው ኋላዋ ሲጠመዘዝ ነው። ስልኬ ላይ ካየኋቸው ብዕሮች ሁሉ የሚለያት ጫፏ ነው፤ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። የአባቴ እጅ ብዙ ጽፎ የጨረሰው መሰለኝ። እኔም እጄን ወደዚያው ጎን አዘንብዬ መጻፍ ተለማመድኩ። አንጓዬን ያመኝ ነበር። እሱም እንዲህ ይዟት ነበር እያልኩ ቻልኩት።

ባለፈው ኅዳር አንድ ደንበኛዬ፣ የቡ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሼህ የድሮ ብዕር እንደሚያውቁ ነገረኝና ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ሰዓት ሠሪ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ።

"ሜ፣ አምጣት እስቲ። ስንት ሰዓት ትላለች?"

በማጉያ መነጽሬ አዩዋት። ሳቃቸው ቆመ። ቤት ገብተው የራሳቸውን የሸንበቆ ብዕር አመጡና አጠገቧ አስቀመጡ። የሁለቱም ጫፍ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው።

"ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ይሄ ያለቀ አይደለም፤ የተቆረጠ ነው። ለዐረብኛ ጽሑፍ። አባትህ መድረሳ ገብተው ቁርኣን ቀርተው ነበር?"

"አባቴ ክርስቲያን ነበር፤ ዐረብኛ አያውቅም።"

"እንግዲያ የሌላ ሰው ናት። አላህ ይወቅ።"

ማጉያውን ተቀብዬ ራሴ አየሁ። ቁርጡ ቀጥ ያለና ልሙጥ ነው። በየቀኑ የማየው ነገር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን ልብስ ስታጥብ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ብዕሯን ከየት አመጣሻት?"

እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

"ከሐሙስ ገበያ። የክፍልህ ልጆች አባቶች ደብተር ላይ ሲፈርሙላቸው እያየህ ታለቅስ ነበር። ምን ላድርግ?"

"እሱስ በምን ነበር የሚጽፈው?"

"መች ይጽፍ ነበር ልጄ! በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው።"

ጣቱ ምን ይመስል እንደነበር ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ብትመልስልኝም እንደማላምናት ሳውቅ ተውኩት።