ቆላ ያደርን ደገኞች

የበሽሎን መሻገሪያ እንድንጠብቅ ትእዛዝ የደረሰን መስቀል እንዳለፈ ነው። ጣሊያን ከወሎ በኩል ተሻግሮ ወደ ጋይንት እንዳይወጣ ነበር። እናንተ ካርታ ላይ የምታዩት አገር ለእኛ ሁለት ነው፤ ላዩ ደጋ፣ ታቹ ቆላ። ጉና ላይ ውርጭ ገብሱን ሲመታው፣ ገደሉ ሥር ያለው አሸዋ እግር ያቃጥላል። አባቶቻችን ቆላ ወርደው ማሽላ ያርሱ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ደጋ ይወጣሉ። በጥቅምት ቆላ ያደረ ንዳድ እንደሚይዘው የማያውቅ ደገኛ የለም። የእኛ ትእዛዝ ግን «እዚያው እደሩ» የሚል ነበር።

«ጌታዬ፣ ማታ ወጥተን ሲነጋ ብንወርድስ?» አለ አለሙ። የአርብ ገበያ ልጅ፣ የወንፈል ጓደኛዬ ነው፤ ካገባ ገና መንፈቅ አልሞላውም።

አለቃችን ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። «መውጫው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠላት በሌሊት ቢመጣስ?»

እውነታቸውን ነው። አደርን።

ከሰነበትን በኋላ ጠላት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ መጣ። ውሃው እስከ ወገብ ነበር። መሀል እስኪገባ ጠበቅን። ተኮስን። ረፋድ ላይ ሬሳውን ጥሎ ተመለሰ። ከእኛ አንድም ሰው አልተነካም። አለሙ ፎከረ፤ እኔም ፎከርኩ።

ንዳዱ የጣለን በዚያው ሰሞን ነው። ጠመንጃ የያዘ እጅ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለሙ እየቃዠ «ደጋ አውጡኝ፤ እዚህ እንዳትቀብሩኝ» ይለናል። ባላምባራስ ፈቀዱና አራት ሆነን በቃሬዛ ተሸክመነው ወጣን። ገደሉ አጋማሽ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ነፈሰ። ዓይኑን ገለጠ።

«ደረስን?»

«ደረስን» አልኩት። ገና ነበርን። እጃችን ላይ አረፈ። አውጥተን በአጥቢያው ደብር ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ እናቱ እጄን ያዙኝ። «የት ላይ መታው ልጄ?»

«ጥይት አይደለም እማማ፤ ንዳድ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ለምን ቆላ አደራችሁ?»

ለአገር ብለን ነው ልላቸው አስቤ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

በዚያ መሻገሪያ ጠላት አላለፈም። ጥይት የገደለው ጓደኛም የለንም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሠላሳ ሆነን ወርደን ነበር፤ በሕይወት የወጣነው ዘጠኝ ነን። አለሙን ለእናቱ አደረስንላቸው። የቀሩትን ተሸክሞ የሚያወጣ ጉልበት አልነበረንም፤ እስከ ዛሬ የሚያድሩት እዚያው ቆላ ነው።