ወደ በረንዳው የምትከፈተው የአያ አንማው መስኮት

አያ አንማው አረፉ። ወሬው ከቡሬ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የሴት ልጃቸው ድምፅ ስልኩ ውስጥ ተቆራረጠና «አባባ ዛሬ ጧት…» አለችኝ። የቀረውን አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ቡሬ ሄደን አፈር አልብሰናቸው ተመለስን።

ይህን የምጽፈው አርባቸው ሲወጣ እንዲነበብ፣ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ፊደል የለየሁት በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነውና አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። ወሬ መውደዴን ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አያ አንማው በፍኖተ ሰላም፣ በቆዳ ሕክምና ቤታችን፣ ሒሳብ ተቀባይ ሆነው ነው ያረጁት። ሒሳብ ተቀባይ ስል ብር መቀበል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ፣ ለየበሽታው ቁጥር፣ ለየሕክምናው ስም የወጣበት ሠንጠረዥ ከዞን ተልኮልን ነበር። ነርሱ በሽተኛውን አይቶ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ አያ አንማው ያን አይተው የተደረገውን በስሙ ይመዘግቡና ክፍያውን ይናገራሉ። ቁስል ማጠብ ሌላ ነው፣ እብጠት መብጣት ሌላ፣ ኪንታሮት መንቀል ሌላ።

አንድ ቀን ከመራዊ የመጡ ገበሬ ሦስት የእጅ ኪንታሮት አስነቅለው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«አያ፣ ሦስቱም ያንድ እጅ ናቸው እኮ። እንደ አንድ ቢቆጥሯቸው ምን አለ?»

«አንቱ ሦስት በሬ ገበያ ሲያወጡ፣ ከአንድ በረት ነው የወጡት ብለው ባንድ በሬ ዋጋ ይሸጣሉ?»

«ኧረ እኔስ አልሸጥም። እርስዎ ግን ይገዙኝ ነበር» አሉ ገበሬው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ፤ አያ አንማውም ሳቁ፤ የጻፉት ግን ሦስት ነው።

እኔ ያኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ። ወለሉን ጠርጌ ስጨርስ ካርድ ያስነብቡኝ ነበር። «ፊደሉን ብቻሽን ካወቅሽው ቁጥሩ ምን ይከብድሻል?» ይሉኛል። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ይህን ነው፦ «የተደረገውን ጻፊ። ያልተደረገውን አትጨምሪ፤ የተደረገውንም አታጉድይ።»

ከሩቅ የመጣ ሰው ካለ የከተማውን ሰው ያስቆሙት ነበር። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተቆጥቶ «ተራው የኔ ነው» ቢላቸው፣ «አንቱ የሚሄዱት ቤትዎ ነው። እሱ ገና ወንዝ ይሻገራል» አሉት። ሰውየው አፍሮ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ችግሩ መስኮቲቱ ነበረች። የምትከፈተው ወደ በረንዳው ነው፤ ከሥሯ ደግሞ ተረኛው የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ አለ። እዚያች መስኮት ላይ የሚነገረውን አግዳሚው ሁሉ ይሰማል።

አንድ ጊዜ ከአዴት በኩል የመጣ ጎልማሳ ካርዱን ሰጣቸው። «ያንተ ክፍያ የለውም፤ መድኃኒትህን ውሰድ» አሉት፣ ደስ እንዲለው ብለው። ክፍያ የሌለው በሽታ አንድ ብቻ እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። ስሙን በእኛ አገር ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሥጋ ደዌ ነው። ከአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ከእሱ ርቀው እርስ በርስ ተጠጋጉ። ሰውየው መድኃኒቱን ይዞ ሊቀመጥ ዘወር ሲል፣ ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ሳይቀመጥ ሄደ።

«አየሽ? ደግ ነገር የነገርሁት መስሎኝ ነበር» አሉኝ አያ አንማው።

ከዚያ በኋላ እሳቸውና ነርሱ መከሩ። ነርሱ በውስጥ በኩል፣ ለብቻው፣ «መድኃኒትህ ነፃ ነው፤ መስኮቱ ላይ ክፈል ቢሉህ ግን ይህን የታጠፈ ወረቀት እንደ ብር አድርገህ ስጣቸው» ብሎ ለሕመምተኛው ይነግረዋል። አያ አንማው ጮክ ብለው ዋጋ ይጠራሉ፣ የታጠፈውን ወረቀት ይቀበላሉ፣ መድኃኒቱን ይሰጣሉ። አግዳሚው ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው እንዲህ ተሸፍኖ ዳነ። ያልተደረገውን አትጨምሪ ያሉኝ ሰው፣ ያልተከፈለውን እንደተከፈለ አድርገው የሚናገሩት ለዚህ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ የግምገማ ቀን መጣ። የሕክምና ሠራተኛው ሁሉ ለስብሰባ ተጠርቶ ነርሱ ይቻኮል ነበር። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም አካባቢ የመጣች ትሁን የምትባል እናት ልጇን ማሬን አስመረመረች። ልጅቱ እጇ ላይ የማይሰማት ነጣ ያለ ቦታ ነበራት። ነርሱ ቁጥሩን ጻፈና ሮጠ። ምንም አልነገራትም። አያ አንማው ቁጥሩን አዩ፤ እንደተነገራት አምነው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋጋውን ጠሩ።

«ክፈይ እኅቴ።»

ትሁን፣ «እሽ ጌታየ። አምጥቼ እመጣለሁ» አለችና የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።

አያ አንማው ነርሱ ወረቀቱን ሳይሰጣት ረስቶ፣ ልትቀበል የተመለሰች መስሏቸው ጠበቁ። ነገሩ የገባቸው ነርሱ ከስብሰባ ሲመለስ ነው። መስኮቱን ሳይዘጉ እስከ መናኸሪያው ሮጡ፤ ሽማግሌ ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ ሌባ አለ ብሎ ዞረ። ትሁን ግን በእግሯ ነበር የሄደችው፤ አላገኟትም።

በገበያ ቀን ገበዝ ማርያም ድረስ ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርሁ።

«ትሁን የምትባል ሴት ታውቃላችሁ?»

«የትኛዋን ትሁን? እዚህ አገር ሴቱ ሁሉ ትሁን ነው» አለቻቸው አንዲት ጠላ ሻጭ። «ለጋብቻ ከሆነ አባባ፣ እኔም ትሁን ነኝ።»

ገበያው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሴትዮዋ ግን ቀጥላ «እሽ፣ በምን ትታወቃለች? ልጇ ምን ምልክት አላት?» ስትላቸው፣ ወደ ኋላ አሉ። ያን ከተናገሩ ትሁንን ያገኟታል፤ ማሬን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? «የዘመድ መልእክት ነበረኝ፤ ይቅር» አሉና ተመለስን። ከዚያም በኋላ ደጋግመው ሄደዋል፤ ሁልጊዜም እዚያው ጥያቄ ላይ ይቆማሉ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ሌላ ክረምት ሲቃረብ ትሁን ራሷ መጣች። መስኮቱ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች፣ «አምጥቻለሁ ጌታየ። ጊደሪቱ ለሽያጭ እስክትደርስ ነው የዘገየሁት፤ ይቅር በሉኝ» አለች። ማሬ ከኋላዋ ቆማለች። የእጇ ሁለት ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

አያ አንማው ከክፍላቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ተንበረከኩና የልጅቱን እጅ ያዙ። ጣቶቹን ቀስ ብለው ሊያቃኑ ሞከሩ። አልቃና አሏቸው።

«ክፍያ የለውም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው አምልጧቸው። «ኧረ ድሮም ክፍያ የለውም ነበር።»

ትሁን የማሯት መሰላት። ጉልበታቸው ላይ ወድቃ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እድሜ ይስጥልኝ» እያለች ሳመቻቸው። ሊያስረዷት ሞከሩ፤ የበለጠ መረቀቻቸው። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ሰምቶ ነበር። ቀና ስል ሁሉም ወደ ዳር ተጠጋግቷል።

ማሬ መድኃኒቷን ጨርሳ በሽታው ለቀቃት፤ ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ። ትሁን በየዓመቱ ለመስቀል ማር ትልክላቸው ነበር። አያ አንማው አንድ ቀን እንኳ ሲቀምሱ አላየሁም፤ ለበሽተኞች ያድሉታል።

መስኮቱ ተዘግቶ በጓሮ በኩል በር እንዲከፈት ለኃላፊዎች አመለከቱ። በጀት የለም ተባሉ። ደግመው አመለከቱ፤ ያው መልስ መጣ። ከዚያ ከክፍላቸው እየወጡ ከከፋዩም ከነፃውም አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ፣ ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሹክሹክታ ማስተናገድ ጀመሩ። ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው አጉረመረመ፣ ወደ ቦታዎ ይመለሱ ተባሉ። ተመለሱ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዋጋ በጠሩ ቁጥር መጀመሪያ የሰውየውን ዓይን ያዩ ነበር።

ጡረታ ወጥተው ቡሬ ከገቡም በኋላ ስልክ ሲደውሉ ከጤናዬ በፊት ይጠይቁኝ የነበረው «ከቋሪት ሰው መጣ?» ብለው ነው።

አያ አንማው፣ አሁን በዚያች መስኮት የምቀመጠው እኔ ነኝ። መስኮቲቱ ዛሬም ወደ በረንዳው ነው የምትከፈተው። ከቡሬ፣ ከቀብርዎ በተመለስሁ ማግሥት አንዲት እናት ሴት ልጅ ይዛ መጣች። ካርዱን ተቀብዬ ቁጥሩን አየሁት፤ ያው ክፍያ የሌለው በሽታ ነው፤ የታጠፈ ወረቀት ግን አልያዘችም። አግዳሚው ሙሉ ነበር። ክፈይ ልበላት? ክፍያ የለውም ልበላት? አንቱ ዕድሜ ልክዎን ፈልገው ያጡትን መላ እኔ ከየት ላምጣው? ወጣሁና እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኋት፤ ሁሉንም ነገርኋት፤ ገባት። ስንመለስ ግን፣ ወደ ጓሮ መሄዳችን ብቻ በቅቷቸው፣ ሰዎቹ ተጠጋግተው ሰፊ ባዶ ቦታ ትተውላቸዋል።

ሌላ የማደርገው አጣሁ። እናትና ልጅን አስቀመጥሁና እኔም ከልጅቱ ጎን ተቀመጥሁ። መስኮቱ ሰው አልባ ነበር፤ «ኧረ ሒሳብ ተቀባይ የለም?» እያሉ ይጣሩ ነበር። ትንሽ ይጣሩ አልሁ።

ከቋሪት ነው የመጡት፣ አያ አንማው። ይህን ልነግርዎ ነበር። በሰላም ይረፉ።