ጉዳይ የሌላት መምህር

ቅዳሜ ጠዋት ከማስተምርባት ትንሽ ከተማ ከኩልመስክ መንገድ ዳር ቆሜ የላሊበላ መኪና ስጠብቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «መምህር፣ ላሊበላ ምን ጉዳይ አለሽ?» መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እናገር ነበር። «ምንም። ልዞር ነው» እላለሁ። ጠያቂው ነጠላውን ያስተካክልና ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል። አስተያየቱ ከጥያቄው ይከብደኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት ካርቱም ነው። እናትና አባቴ በወጣትነታቸው ከኢትዮጵያ ወጥተው እዚያው ቀሩ። አማርኛን ከእነሱ አፍ ለመድኩት እንጂ አገሩን ያየሁት ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሁለት ዓመት ውል ፈርሜ ስመጣ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ «የውጭ ዜጋ» የሚል ተጽፏል። ተማሪዎቼ ደግሞ በአማርኛዬ ይስቃሉ። እናቴ ከስንት ዘመን በፊት ይዛው የወጣችው አማርኛ ነውና ትምህርት ቤቱን «ተማሪ ቤት»፣ መኪናውን «አውቶሞቢል» ስል ክፍሉ በሳቅ ይናጋል።

ዘጠነኛ ክፍል ስድሳ ስምንት ተማሪ ነበረኝ። አንድ ሰኞ ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንዳሳለፉ በእንግሊዝኛ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። አንዱ ገብስ ሲያርም ውሏል። አንዷ እህል በአህያ ጭና ወፍጮ ቤት ሄዳለች። አንዱ ቅዳሴ ነበረበት።

«እርስዎስ ቲቸር?» አለችኝ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ።

«በእግሬ ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ወዴትም።»

ዓረፍተ ነገሩ ያልተሟላ መሰላት መሰለኝ፣ ደብተሯ ላይ ጀምራ የነበረውን ሰረዘችው።

እስከ ረቡዕ ደህና ነኝ። ሐሙስ ሲሆን ውስጥ እግሬን ይበላኛል። ዓርብ የማርመው ደብተር ፊቴ ተቆልሎ ሳለ ዓይኔ ከመስኮቱ አይነቀልም። ቅዳሜ ሚኒባስ ካገኘሁ በሚኒባስ፣ ካጣሁ በአይሱዙ ላሊበላ እገባለሁ፤ ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያ ተራራ እወጣለሁ፣ ወንዝ እከተላለሁ፣ ስሙን የማላውቀው መንደር ደርሼ እመለሳለሁ። አስጎብኚዎቹ መጀመሪያ ሊያስጎበኙኝ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ በኋላ ተውኝና «ዛሬስ በየት በኩል ነው?» ማለት ጀመሩ።

የተከራየሁት ክፍል ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ። እሳቸውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ አባባ ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰው እኮ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ባል ደብቃለች የሚል አለ። ማዕድን ታጠናለች የሚልም አለ። ምን ልበል?»

«እንዲሁ ነው የምትዞረው ይበሏቸው።»

«እንዲሁ የሚዞር ወይ ከብት የጠፋበት ነው፣ ወይ ልብ የጠፋበት ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እማማ ከቤት ውስጥ ሆነው ሳቁ። «እርስዎ? ለራስዎ ጉዳይ እንኳ ሰው የሚልኩት?»

በማግስቱ አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ኮንጎ ጫማቸውን አጥበው ከእኔ ቀድመው መንገድ ላይ ቆመዋል። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ምን ጉዳይ እንዳላቸው ጠየቃቸው። «የመምህሯ ጉዳይ ነው» አሉ ወደ እኔ ሳያዩ።

ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ለመውጣት ወሰንኩ። ቀኑ የላሊበላ ገበያ ስለነበር ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ፣ ፍየሉን እየነዳ ከተራራው ይወርዳል፤ እኛ ብቻ እንወጣለን። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፣ ትንፋሼ ወዲያው ነው የሚያጥረው። አባባ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እየቀደሙኝ፣ በየመታጠፊያው ዞር ብለው «እዚህ ነው?» ይሉኛል። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው እየጠበቀኝ መስሏቸዋል።

«ገና ነው» እላለሁ።

የሚወርደው ሰው ሰላም ባላቸው ቁጥር ወዴት እንደምንሄድ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው «ለጸሎት» አሉት። ለሁለተኛው «ዘመድ ልንጠይቅ» አሉት። ሦስተኛዋ ዶሮ የታቀፈች ሴት ነበረች። እሷን ቆም ብለው አዩዋትና «እኔም አላወቅሁት እናቴ» አሏት።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ ደክሞኝ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ከታች የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ያብለጨልጫል።

«በይ አሁን ንገሪኝ» አሉ። «የሚያስሮጥሽ ምንድን ነው?»

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። ካርቱም ሳለን አባቴ በየዓመቱ «የዛሬ ዓመት አገራችን እንገባለን» ይል እንደነበር፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል እንዳንሰቅል፣ «ለምን ምስማር ታበላሻላችሁ» ይለን እንደነበር፤ ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዛወር ሻንጣችን ሳይፈታ እንዳደግኩ። «እዚያ ሐበሻዋ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ የውጭዋ ነኝ» አልኳቸው። «አገሬ ስገባ እግሬ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። አላረፈም።»

አባባ በዱላቸው ጫፍ አፈሩን እየጫሩ ጀመሩ።

«በክፉው ቀን፣ ዝናቡ የጠፋ ጊዜ፣ ሰፈራ ብለው እኔንና ወንድሜን ወደ ምዕራብ ወሰዱን። አገሩ ለምለም ነበር። ወባው ግን ፈጀን። ታናሽ ወንድሜን እዚያው ቀበርሁት። አንድ ቀን ጠፍቼ ወጣሁ። በእግሬ ነው የተመለስሁ ልጄ፣ ስንት ወር እንደፈጀብኝ እንጃ። ቤቴ ስደርስ እማማሽ አላወቀችኝም። ከዚያ ወዲያ ያለ ጉዳይ ከደጄ ላልወጣ ማልሁ።»

ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው ከተራራው ማዶ ነው።

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጡ?»

«አንቺን ሳይ እሱ ትዝ አለኝ። ወንድሜ። መቀመጥ አይችልም ነበር።» ተነሡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ተነሽ፣ ፀሐይ ሳይከር።»

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን መስቀል ከተሳለምን በኋላ አባባ ሊመለሱ አልቸኮሉም። ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄደው፣ የትኛው ማሳ ገብስ፣ የትኛው ስንዴ እንደሆነ ከቀለሙ እየለዩ ነገሩኝ። አንድም ቀን ወጥተው የማያውቁበት ተራራ ነው። ስንወርድ ገበያው ሊበተን ጥቂት ነበር የቀረው። አባባ እየተጋፉ ገብተው አንድ ማረሻ ገዙ። እቤት ሁለት ማረሻ እንደነበራቸው አውቃለሁ። «ባዶ እጅ አይገባም» አሉኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንም አልጠየቀኝም። መንገድ ላይ ስቆም ሰዎች በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል። ነገሩ ገርሞኝ እማማን ጠየቅኳቸው።

«ስለት አለባት ብለው ለሰው ተናግረውልሽ እኮ ነው» አሉኝ እየሳቁ። «አሸተን ድረስ የምትመላለስበት ስለት። ስለት ደግሞ አይጠየቅም።»

አባባ ውሸት የማይቀናቸው ሰው ነበሩ። ውሸቱ ግን ጣጣ አመጣ። ወር ሳይሞላ ጎረቤቶች ዓርብ ዓርብ በሬን ያንኳኩ ጀመር። አንዷ ጧፍ፣ አንዷ ዕጣን፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የታመመ ልጃቸውን ክርስትና ስም በወረቀት ይሰጡኛል፤ «አድርሽልኝ» ይላሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቦርሳዬ ሞላ፤ ቅዳሜዬ ተያዘ። ተራራውን የምወጣው እኔ ሆኜ መንገዱ ግን የሌላ ሰው ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ እግሬ አሻፈረኝ አለ። የአንዲት ጎረቤቴን ጧፍ ይዤ፣ ወደ ተራራው መዞር ሲገባኝ ቁልቁል ወደማላውቀው ሸለቆ ወረድኩ። አጨዳ ያለቀበት ማሳ ውስጥ እስከ ከሰዓት ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የሰው አደራ ይዤ የጠፋሁ ሆኖ ተሰማኝ። ጧፉን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ልጇ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ሰባት ወሯ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጥሬ የምትለቅምበትን ሰፌድ አስቀምጣ አየችኝ።

«እሷም እንዳንቺ ናት» አለች። «አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበር። ለሚመጣው ቅዳሜ ታደርሺዋለሽ።»

አደረስኩ። ልጅቷ እስከዚያ ክረምት ድረስ አልደወለችም። ከዚያ በኋላ ደውላ እንደሆነ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ወልድያ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ውሌ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ አንድ ዓመት እንድጨምር ጠየቁኝ። ሳላስብ ፈረምኩ። ከቢሮው እንደወጣሁ ግን ቤት መግባት አቃተኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ዝናብ ሲይዘኝም አላቆምኩም።