በሸክላ ቤት የተሰማ መጽሐፍ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጣሊያናዊቷ ባለሱቅ ሲኞራ ሪና መጀመሪያ ያዩት እጄን ነበር። መዳፌን ገልብጠው ሂናውን ተመለከቱና፣ «ይህ ቀለም ይለቃል?» አሉኝ።

«ከደረቀ ሰንብቷል፣ ሲኞራ።»

በጣታቸው አሸት አድርገው ጣታቸውን አዩ። «እንግዲያው ግቢ፣ ዘይነባ» አሉና ከባንኮኒው ኋላ አቆሙኝ። የዘፈን ሸክላ ሻጭ የሆንኩት እንዲህ ነው።

አስመራ የመጣሁት ከደሴ ነው። ወንድሜ አሊ ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሻሂ ቤት ነበረችው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ወዲህ ከመሀል አገር የመጡ መኮንኖችና መምህራን ከነቤተሰባቸው ከተማውን ሞልተውት ነበር። ሲኞራ ደግሞ ከነዚህ ሰዎች ጋር አማርኛ የምታወራ ሻጭ ይፈልጉ ነበር። ለአሊ ነገሩት፤ አሊ ለኔ ነገረኝ።

ሱቁ ሁለት ወገን ነበረው፤ በግራ መጻሕፍት፣ በቀኝ ሸክላ። በሸክላው ወገን ጥግ ላይ ከጣውላና ከመስተዋት የተሠሩ ሁለት ካቢናዎች ነበሩ። ገዢ ከመግዛቱ በፊት እዚያ ገብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ይሰማል። ሲኞራ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝን እጄ ዛሬም አልረሳውም። ሸክላ በጠርዙና በመሀሉ ወረቀት ብቻ ይያዛል፤ ጣት ፊቱን አይነካም። አቧራው በከፋይ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትሎ በክብ ይጠረጋል። መርፌ አይጣልም፤ ይቀመጣል። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይሉኝ ነበር፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው።

መጻሕፍቱን የሚሸጡት መምህር ተኽለ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው። ቀድሞ ትግርኛ ያስተምሩ ነበር። ትግርኛ ከክፍል ሲወጣ እሳቸውም አብረውት ወጡ። አማርኛቸው ጥርት ያለ የመጽሐፍ አማርኛ ነበር፤ ሐውንና ዐይኑን ግን ከጉሮሯቸው ስር ነበር የሚያወጡት። እሳቸው «ዓለም» ሲሉ ዓለም ሰፋ ያለች ይመስለኝ ነበር።

ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ ደሴ እያለሁ ሰምቼው አላውቅም። አስመራ ግን አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈርና የራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው። የከተማው ጎረምሶች ከዚያ የሰሙትን በአፋቸው እያዜሙ ይመጡና «ይቺን አለሽ ወይ?» ይሉኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? አንድ ጥዋት ጉሙ ከቆላ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶት፣ ገዢም ጠፍቶ ሳለ፣ ሲኞራ «የምትሸጪውን ስሚው» ብለው ካቢና አስገቡኝ።

መጀመሪያ ኦርጋኑ መጣ፤ ከውሃ ስር የሚጣራ ይመስል ነበር። ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ልቤ ምቱን ያዘ። ጊታሩ ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከቃሉ አንዱም አልገባኝም። ስወጣ መንገዱ ላይ ከጉሙ በቀር የሚታይ አልነበረም፤ አንዲት ጋሪ ደወሏን እያሰማች አለፈች፤ ሸክላው ገና ያላለቀ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎረምሶቹ ገና ማዜም ሲጀምሩ እጄ ወደ መደርደሪያው ይሄድ ጀመር።

ሲኞራ አንድ ልማድ ነበራቸው። መስከረም ሲጠባ ቬትሪናውን፣ ከመንገድ የሚታየውን የመስተዋት ማሳያ፣ ባዶ ያስደርጉና እኔ ካለፈው ዓመት ሸክላ የወደድኩትን፣ መምህርም ካለፈው ዓመት መጽሐፍ የወደዱትን፣ አንዳንድ ብቻ እናስቀምጥ ነበር። ለምን እንደወደድነው ከስሩ በካርቶን ላይ እንጽፋለን። «ብዙ የተሸጠውን አይደለም» ይሉን ነበር። «ቤታችሁ ድረስ የተከተላችሁን።»

ለዚህ ብለን መምህርና እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቀያየር ነበር። እኔ ሸክላ አሰማቸዋለሁ፤ እሳቸው መጽሐፍ ይሰጡኛል። የመጀመሪያውን ሮክ ሲሰሙ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ቶሎ አነሱት።

«እዚ ደኣ እንታይ እዩ? ምንድን ነው ይሄ፣ ዘይነባ ሓፍተይ፣ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ነው እንዴ?»

«ይታገሱ፣ መምህር። መሀሉ ላይ ይለሰልሳል።»

«እስከ መሀሉ ጆሮ ይተርፈኛል?»

ግን ታገሱ። በሦስተኛው ዓመት ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ካቢና ገቡ። የዚያ ዓመት ምርጫዬ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ የሚይዝ ረጅም ዘፈን ነበር፤ ዘፋኙ እስከ እኩሌታው አይመጣም፣ ጊታሩ ብቻ ይሄዳል፣ ይሄዳል። መምህር ሰምተው ሲወጡ «ይህ ሰው የሚናገረው ነገር አለው፤ ለመናገር ግን አልቸኮለም» አሉ። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት ያንኑ ነው። እኔም በእሳቸው ምክንያት ልብ ወለድ የማነብ ሴት ሆንኩ። አንድ ምሽት ሻሂ ቤቱ ውስጥ ስለ አንዲት ሸማኔ ሴት የተጻፈ አማርኛ መጽሐፍ እያነበብኩ ሻሂው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። አሊ፣ «ወላሂ ይቺ ልጅ ከኛ ጋር የለችም» አለ።

አንድ ዓመት ነሐሴ ሲጋመስ ሲኞራ «ምን መረጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኔ መርጬ ነበር። መምህር ግን «ዘንድሮ የለኝም» አሉ።

«ይህ ሁሉ መጽሐፍ እያለ?»

«አለ፣ ሲኞራ። የወደድኩት ግን ያልታተመ ነው።» ከረባታቸውን አስተካከሉና «እኔ የጻፍኩት ነው» አሉ።

ለሁለት ዓመት ሲጽፉ ኖረዋል፤ በትግርኛ። ማተሚያ ቤቱ በአማርኛ ካልሆነ አልቀበልም ብሏቸዋል። እኔ፣ «ለምን አይተረጉሙትም? እርስዎ አያቅትዎትም» አልኳቸው።

«ብተረጉመው እናቴ አትሰማውም።»

«እናትዎ ያነባሉ እንዴ?»

«ኣይፋልን። አያነቡም። በትግርኛ ቢሆን ግን አነብላቸዋለሁ።»

ሱቃችን ለደንበኞች ዘፈን የምንቀዳበት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበረው። ዓይኔ ወደሱ ሄደ። «እንግዲያው ያንብቡት፤ እኔ ልቅዳው» አልኩ። ሁለታችንም ወደ ሲኞራ ዞርን። በትግርኛ መቅዳታችን ታውቆ የንግድ ፈቃዱ ቢነጠቅ የሚዘጋው የእሳቸው ሱቅ ነው። ሲኞራ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የዓመቱ መጽሐፍ ከሆነ ይሰማ» አሉ።

የቀዳነው በምሳ ዕረፍት ነው። ቀትር ላይ የአስመራ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ከተማው ይተኛል። የብረት መዝጊያውን እናወርዳለን፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ወለሉ ላይ ይበተናል። መምህር ከረባታቸውን ያላላሉ፤ ሲያላሉት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ቁልፉን ተጭኜ እቀመጣለሁ። ታሪኩ ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ወደ ምጽዋ በሚወርደው መስመር ላይ ጉም በወረደ ቁጥር ከባቡሩ ፊት ፊት ፋኖስ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ፋኖሱ ይጠፋበታል፤ ባቡሩ ከኋላው እየመጣ ነው። ትግርኛዬ የገበያ ትግርኛ ቢሆንም፣ መምህር ሲያነቡ ጉሙ ፊቴ ላይ የሚቀዘቅዝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን በንባቡ መሀል ከመስጊድ የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ላቆመው ስል መምህር በእጃቸው ከለከሉኝና ንባባቸውን ገቱ። አዛኑ እስኪያልቅ ቴፑ ዞረ። «ይቅር እዚያው» አሉ። «ታሪኩም ቀትር ላይ ነው።»

መስከረም ሲጠባ በሸክላው ወገን ምርጫዬን አስቀመጥኩ። በመጽሐፉ ወገን ካርቶን ብቻ ነበር፦ «ካለፈው ዓመት የወደድኩት መጽሐፍ። ውስጥ ይጠይቁ።» የጠየቀውን አንደኛው ካቢና አስገብተን ማዳመጫውን ከቴፑ ጋር እናገናኝለታለን። መጀመሪያ የመምህር የቀድሞ ተማሪዎች መጡ። ከዚያ ሾፌሮች፣ ከጸጸራት ሰፈር የመጡ እናቶች፣ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው። ሽማግሌው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሲሰማ አየሁት። ሲወጣ የመምህርን እጅ ጨብጦ «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገናቸው።

ሻምበል ደረጀ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የሸዋ ሰው ነው፤ በከተማው ጸጥታ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሮክ ከሱ የበለጠ የሚወድ ደንበኛ አልነበረኝም። ሁለተኛው ካቢና ገብቶ የዓመቱን ሸክላ ሲሰማ፣ በአንደኛው ካቢና ያለች ሴት ሳቋ አመለጣት። ሻምበሉ ማዳመጫውን አወለቀ።

«እሷ የምትሰማው ምንድን ነው? ለኔ ያላሰማሽኝ?»

መምህርን አየሁ። እሳቸው ከመደርደሪያው አጠገብ ቆመው «ይስማ» አሉኝ።

ሰማ። ሴትየዋ ወጥታ ሄደች፤ ሲኞራ የሒሳብ ማሽናቸውን እየነካኩ ምንም አያሰሉም፤ እኔ የጠረግኩትን ሸክላ መልሼ እጠርጋለሁ። በመጨረሻ ሻምበሉ ወጣ።

«ግማሽ ግማሹ ይገባኛል» አለ። «የሚያነበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር።

«ስለ መንግሥት አንድም ቃል የለበትም።»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አልጻፍከውም?»

«ያሰብኩት በትግርኛ ነው፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ ሸክላውን ገዛ። ስጠቀልልለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወሬው መሥሪያ ቤት ደርሷል። ነገ ሌሎች ይመጣሉ» አለኝና ሄደ።

ሲኞራ ወዲያው ቴፑንና ንባቡ የተቀዳበትን ክር በዘንቢል ከተው ሰጡን። መምህርና እኔ በአውቶቡስ ወደ መንደራቸው ወደ ዓዲ ኣበይቶ ሄድን። እናታቸው አደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቴፑን ከፊታቸው አስቀምጠን ከፈትነው። የልጃቸው ድምፅ ከሳጥኑ ሲወጣ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ። ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው ሰሙ። አዛኑ ሲመጣ እኔን ዞር ብለው አዩኝ። ክሩ ሲያልቅ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር።

«ሳል አለህ፣ ወደይ» አሉ ልጃቸውን። «ማር ብላ።»

መምህር አንገታቸውን ደፉ። አደይ ለተብርሃን ሰፌዳቸውን አነሱ፤ ወዲያው መልሰው አስቀመጡት። «በል ድገመው» አሉ።

ክሩን እዚያው ትተነው ተመለስን። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ሱቁ ውስጥ ያለውን የቴፕ ክር ሁሉ ለቀሙ። መምህርንም ወሰዷቸው። ክሮቹ ላይ የነበረው ለደንበኞች የቀዳሁት ሮክ ነው። ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በየክሩ ቃል እየፈለጉ ጊታር ሲሰሙ እንደሰነበቱ በኋላ ሰማን። እኔና አሊ ምግብ እናመላልስ ነበር፤ መምህርን አላሳዩንም። ሲኞራ ካርቶኑን ከቬትሪናው አላነሱም። «መጽሐፉ ገና የዓመቱ ነው» አሉ።

መምህር ሲለቀቁ ቀጥታ ወደ ሱቁ መጡ። ከስተዋል፤ ከረባታቸው የለም። ሻሂ አስመጣሁላቸው።

«ምን ጠየቁዎት?»

«ታሪኩን ንገረን አሉኝ። ነገርኳቸው፤ በአማርኛ። ፋኖሱ የጠፋበት ላይ ስደርስ የሥራ ሰዓት አለቀና ወደ ክፍሌ መለሱኝ።» ሻሂውን ቀመስ አደረጉ። «በነጋታው መርማሪው ብቻውን አስጠራኝ። በሩን ዘጋው። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። ወንበሩን ሳበና ‹ሰውዬው ባቡሩን በምን አቆመው?› አለኝ።»

ሲኞራ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መስኮቱ ሄዱ። ቆይተው ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ሱቁ ሲኞራ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ አብሮን ኖረ። ከዚያ በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌሎች ሱቆች ሸክላ ሸጥኩ፤ ሸክላው ሲቀር ካሴት ሸጥኩ። አዲስ ሻጭ ሳሠለጥን ስለ መርፌውና ስለ ጨርቁ ካስረዳሁ በኋላ የምለው አንድ ነገር አለ። ገዢ «ምን ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። ሻጭ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር ከልቡ ወድዶ ይገኝ፤ ሲጠየቅም ያንኑ ይናገር።