ከሽማግሌ የቀደመ ስልክ

እኔ ምስጢር እችላለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገበሬው ሩዙ እስኪወጣለት ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የማያወራው የለም፤ የማን በሬ እንደከሳ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ ሁሉም በእኔ ጆሮ ያልፋል። አንዱንም ለሌላው አላቀብልም።

የራሴ ምስጢር ደግሞ ይፋግ የምታስተምር ልጅ ነበረች። አባቷ ቁሐር ሚካኤል በምትባል ቀበሌ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ከተዋወቅን ዓመት ከምናምን ሲሆነን ከሁለታችን በቀር ያወቀ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ "ለማሽኑ ዕቃ ልገዛ" እያልኩ ይፋግ እሄዳለሁ። ቁጥሯን ስልኬ ላይ የያዝኩት "የማሽን ቀበቶ" ብዬ ነው። ስትደውል አብሮኝ የሚሠራው ሰው "ቀበቶው እየጠራህ ነው" ይለኛል፤ እኔም ኮስተር ብዬ ወደ ውጭ እወጣና እንደ ሕፃን እየፈነደቅሁ አነሳለሁ። የዚያን ጊዜውን ደስታዬን በምን ልንገራችሁ።

የምንደበቀው ለቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት አንድ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ አስቦ፣ ገና ሳይልክ ወሬው ገበያ ወጣ። አባቷ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ አቁመው፣ "ወሬው ቀድሟችሁ ገብቷል፤ ለእናንተ መቀመጫ አልቀረኝም" ብለው መለሷቸው። እሷ ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ስለዚህ ሰው ሳይሰማ፣ የነቢያት ጾምም ሳይገባ፣ በኅዳር መጀመሪያ እሑድ ሦስት ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ። ያወቁት እናቴና ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። እሺ ካሉ ጥር ላይ ሠርግ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እሑዱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ አክስቴ ሱቅ ጎራ አልኩ። አክስቴ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ደንበኛ ከሌለ ስልኳ ላይ ናት፤ ደንበኛ ካለም ስልኳ ላይ ናት። ገና ሳልቀመጥ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"ይቺን ልጅ ታውቃታለህ?"

እሷ ናት። ፊቷ፣ ፈገግታዋ፣ ሁሉ ነገሯ። ጉድ ፈላ።

"አላውቃትም" አልኩ። "ከየት አመጣሻት?"

"እኔ አላመጣኋትም። ስልኬ ነው 'ሊያውቋት ይችላሉ' እያለ ሦስት ቀን ሙሉ የሚያመጣልኝ። እኔም አላውቃትም። ጥለቱን ግን አውቀዋለሁ።" ጣቷን የልጅቱ ነጠላ ላይ አሳረፈች። "ይህን ጥለት ሸማኔው ዘንድ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ብቻ ነው ያሠራሁት። አንተ ደግሞ ለእናቴ ነው ብለህ ወስደኸዋል።"

"ጥለት ይመሳሰላል።"

"ሞኝህን ፈልግ" አለች አክስቴ። "ቅዳሜ ገበያ የማይመጣ ሰው የለም። የማን ልጅ እንደሆነች አጣራለሁ።"

ቅዳሜ ገበያ ላይ ተጠይቆ እሑድ ሽማግሌ ሲደርስ ታየኝ። ሳላንገራግር ተናዘዝኩ። ከዚያም፣ "የጥሎሹን ልብስ ከላይ እስከ ታች የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ፤ ከእሑድ በፊት አንዲት ቃል ከአፍሽ ከወጣች ግን ባሕር ዳር ሄጄ ነው የምገዛው" አልኳት። አክስቴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሳውቃት እንዲህ ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "መቃብር ነኝ" አለች። የእሷን አፍ እንዲህ ዘጋሁት። የስልኩን ማን ይዝጋው?

ከሱቁ ስወጣ ንድድ ብዬ ነበር። እኔና ልጅቱ እኮ በዚያ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ጓደኛ እንኳ አልነበርንም። ሆን ብለን ነው የተውነው። ታዲያ አክስቴ ጋ ምን አመጣት? ሳስበው ሳስበው መጣልኝ። ገጹን በከፈትኩ ቀን "ስልክ ቁጥሮችህን ላንብብ?" ብሎኝ፣ እሺ ብዬ ተጭኛለሁ። እሷም ተጭናለች። አክስቴማ የማትጫነው ነገር የለም። ገጹ የሁላችንንም ቁጥር ጎን ለጎን አስተያይቶ ማን ከማን እንደሚነካካ ደርሶበታል። እኔ ለሰው "የማሽን ቀበቶ" እያልኩ ሳታልል፣ ቁጥሯን ለገጹ በእጄ አስረክቤው ኖሯል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ነበር፤ ዛሬ ብቅሉም አያስፈልግም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ሌላ ቀን ቢሆን እራገም ነበር፤ አዲሱ ሩዝ በጆንያ ተደርድሮ ወረፋ እየጠበቀ ነው። ያን ቀን ግን ተመስገን አልኩ። ጆንያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና ደወልኩላት። የዕረፍት ሰዓቷ ነበር።

"በል ሴቲንግ ክፈት" አለችኝ፣ ከተማሪዎቿ አንዱ የሆንኩ ይመስል። "የት እንዳለህ እንዲያዩ የፈቀድክላቸው መተግበሪያዎች ስንት ናቸው?"

ቆጠርኩ። "አሥራ አንድ።"

"አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። ካርታው ይሁን። ገጹንም ጠርጥሬው ነበር። የባትሪ መብራቱ ግን ምን ቤት ነው? "ባትሪ የት እንዳለሁ ማወቁ ምን ይረባዋል? ጨለማ መሆኑን ካወቀ አይበቃውም?" ስል ሳቋ ጆሮዬን ሞላው። "ዝጋው" አለች። ዘጋሁት። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያው ደግሞ ስልክ ቁጥሮቼን ሁሉ እንዲያነብ ተፈቅዶለታል። "እሱስ ጾም መግደፌን ለማን ሊነግርብኝ ነው?" "ዝጋው።" ዘጋሁት።

ካርታውን ስከፍት ግን ሳቄ ጠፋ። ቅዳሜዎቼ አንድም ሳይጎድሉ ተመዝግበዋል፤ ይፋግ የገባሁበት ሰዓት፣ ከይፋግ የወጣሁበት ሰዓት። ጣራ ገዳም ተሳልመን ከጫካው ጥግ ቁጭ ብለን ያወጋንባት ቀን እንኳ አለች። የነፍስ አባቴ ስለ እኔ ይህን ያህል አያውቁም። እንዴት አባቱ ብዬ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አንዱ በጠፋ ቁጥር ልቤ ትዘላለች። የጫንነውን ስልክ ቁጥር የምናጠፋበት ቦታ ከአምስት በር ጀርባ ተደብቆ ነበር፤ ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት፣ "አገኘሁት" ብላ ስትጮህ የመምህራኑ ቢሮ ሰው ሁሉ ምን አገኘሽ አላት። "በስልክ ቁጥርዎ ማን ይፈልግዎት?" የሚለውን ሁለታችንም ዘጋን። እሷ ስልኳ ላይ ቬሎ ካየች ወዲህ በገባችበት ገጽ ሁሉ የሚከተላትን ማስታወቂያም አጠፋን። መጨረሻ ላይ የድሮ ጽሑፍና ፎቶዬን በሙሉ ከሕዝብ ዓይን የሚያነሣ አንድ ቁልፍ አገኘሁ። ስድስት ዓመት የለጠፍኩትን፣ ምን ምን እንደነበረ እንኳ ሳላይ፣ ተጫንኩት።

"አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ።"

"እሑድ እንግዲህ" አለች፣ ድምጿን ቀነስ አድርጋ። መብራቱ ሲመጣ ያን የሩዝ ወረፋ በምን ጉልበት እንደጨረስኩት አላውቅም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ ቁሐር ሚካኤል ወረዱ። መሪያቸው የእናቴ የነፍስ አባት ነበሩ። ከቤት እስከ አስፋልቱ ስመላለስ ጫማዬ አቧራ ለበሰ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲመለሱ አስፋልቱ ዳር ነው የጠበቅኋቸው። የቄሱን ፊት አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም።

"ገና 'ለልጃችን' ብለን ሳንጨርስ፣ 'ልጁን አውቀዋለሁ' አሉን" አሉኝ።

ወሬው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ስልክ አላቸው፤ የገዛችላቸው እሷ ራሷ ናት። ስልኩ ላይ ያለው የእሷ ቁጥር፣ እሷ ዘንድ ያለው ደግሞ የእኔ። ከመስከረም ጀምሮ "ሊያውቁት ይችላሉ" እያለ እኔን ያመጣላቸዋል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ከእርሻ ሲገቡ እየከፈቱ የለጠፍኩትን ሁሉ አይተዋል። እኔ የአክስቴን አፍ ስዘጋ፣ ስልኬ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሁለት ወር ቀድሞኝ ገብቷል።

"እና ምን አሉ፣ አባቴ?"

"'እምቢ ልል ወስኜ ነበር' አሉን" አሉ ቄሱ። "'እናቱ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሻሿ ወልቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ እንደተሰካ፣ ጸልዩልኝ ብሎ ለአገር አሳይቷታል። የእናቱን ገበና ያልከደነ ነገ የልጄን አይከድንም ብዬ ነበር። ሐሙስ ከእርሻ ገብቼ ስከፍት ግን አንድም የለም። አፍሯል ማለት ነው። ያፈረ ሰው ይታረማል። እናቱን ይቅርታ ይጠይቅ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ።' ያሉት ይህን ነው።"

ሰጥቻለሁ። ይህችን ቃል ስሰማ አስፋልት ዳር መሆኔን ረስቼ ዘለልኩ። የቄሱን መስቀል ተሳለምኩ፣ የሌሎቹን ጉልበት ሳምኩ፣ ለእሷ ደወልኩ፤ ሁለታችንም ስንጮህ ማን ምን እንዳለ አልተሰማማንም። ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሩጫዬን አቆምኩ። አፍሯል ነው ያሉት ሰውዬው። እኔ እኮ ሐሙስ ዕለት አላፈርኩም። ፎቶውን ከነመኖሩም ረስቼዋለሁ። የዘጋሁት እሷን እንዳላጣ ለራሴ ፈርቼ ነው። ያፈርኩት አሁን ነው።

እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። "ሰጡኝ" ስላት እልል አለች። እልልታዋን እስክትጨርስ ጠብቄ የሰውዬውን ቃል ነገርኳት።

"አይቼዋለሁ" አለች። "ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ጎረቤት አሳየችኝ።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ጨንቆት ያደረገው ነው ብዬ። ያን ሰሞን ግን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ይማርሽ የሚለኝ ሁሉ ፀጉሬን የሚያየኝ እየመሰለኝ ቀና ማለት ያቅተኝ ነበር።"

ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ብላ አነሣችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ፎቶውን ፈልጌ አወጣሁትና እያየች ደመሰስኩት።

"አሁን ጠፋ?"

"ከእኔ ዘንድ ጠፋ።"

"ከየሰዉስ ስልክ?"

"የወሰደ ካለ እሱን ማጥፋት አልችልም፣ እማዬ።"

ሻሿን በሁለት እጇ ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

"እንግዲያው የልጅቱን ገበና ጠብቅላት" አለችኝ።