ሽንኩርት ያልተቁላላበት ሰሞን

የልጄ የውሃ ኩባያ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ጎኑ ላይ በማርከር «ሶልያና» ተብሎ ተጽፎበታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወልድያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ስለምነግድ ኩባያውንም ያወረድኩት ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው። በኮሮናው ጊዜ ተዘግቶ የቆየው የሕፃናት ማቆያ ሲከፈት፣ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ ተባለ። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ተቀመጠ፤ ማቆያውን የከፈተችው ወይዘሮ ሙሉም የሙቀት መለኪያዋን ይዛ የልጆቹን ግንባር እያየች ታስገባለች። ወላጆች ለሁለት ተከፈልን። ገሚሱ «ልጅ ታሽጎ አያድግም፣ ሥራችንስ?» አለ፤ ገሚሱ «ይቅርብን» ብሎ ልጁን ሰበሰበ። እኔ ከላኪዎቹ ነበርኩ። የሦስት ዓመት ልጅ ፕላስቲክ ሱቅ ውስጥ ስትውል አይታችሁ ከሆነ አትፈርዱብኝም። ባልዲ በባልዲ ላይ ተደርድሮ አይውልም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ኩባያውን ቦርሳዋ ውስጥ ልክተት ስል እጄ ቆመ። ባለቤቴ ጌታቸው በወልድያና በደሴ መሃል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከትናንት ጀምሮ ራሱን አሞት ተኝቷል። ለቁርስ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ፣ ከምድጃው አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ እንደተጋደመ፣ «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?» አለኝ። ቤቱ በቁሌት ታፍኗል፣ እሱ ምንም አልሸተተውም። ምን እንደያዘው ያን ጊዜ ለሁለታችንም ገባን። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። «ልጅቷን ቶሎ ማቆያው አድርሻት። እዚህ ከእኔ ጋር አትዋል፤ እኔም ጸጥ ሲልልኝ ትንሽ ልተኛ» አለ። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ኩባያውን ያነሳሁትም ለዚያው ነው። ግን የሽንኩርቱ ሽታና ኩባያው አንድ ላይ ሲመጡብኝ መርሳ ትዝ አለችኝ።

ልጅ እያለሁ እናቴ መርሳ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። እናቴም ሆነች መንገድ ዳር የሚሠሩት ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉት እማማ ዘነቡ ግቢ ነበር። ያኔ ማቆያ የሚባል ስም የለም፤ «እማማ ዘነቡ ጋ ናቸው» ይባላል፣ በቃ። እማማ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ግቢያቸው መሃል ትልቅ የሎሚ ዛፍ ነበር። ከሥሩ እንስራ ተቀምጧል፣ ግንዱ ላይ በተመታ ሚስማር አንድ ጣሳ ተንጠልጥሏል። ንፍጥ ያዝረከረከውም፣ ጭቃ የበላውም የሚጠጣው በዚያው ጣሳ ነው። ከጣሳው አልጠጣም ያለ ልጅ ተጠያፊ ይባል ነበር፤ ተጠያፊ መባል ደግሞ ሌባ ከመባል ብዙም አይሻልም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ጓደኛዬ ሙና ነበረች። እናቷ እትዬ ዘሐራ ብርቱካንና ማንጎ በሳፋ ተሸክመው ለአውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሙና እኩያዬ ብትሆንም በቅልሞሽ አልችላትም ነበር። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ የቀሩትን ከመሬት ስትለቅም እጇ አይታይም። መዳፏ ዘወትር ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ሌሎቹ ልጆች ሲያሸንፉ ይጨፍሩብኛል፤ እሷ ግን አትስቅብኝም። ጠጠሮቹን መዳፌ ላይ መልሳ «ድገሚ» ትለኛለች። ስንትና ስንት ጊዜ አስደግማኛለች።

በአንድ በጋ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወደ ምግብ ቤቱ ማድቤት መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለእናቴ በሹክሹክታ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ሽንኩርት አታቁላይብኝ። ቤቴ እንግዳ ገብቷል። አደራ፣ በሆድሽ ያዥው» አሏት። እንግዳ የተባለው ኩፍኝ ነው። በሰፈራችን ስሙን በግልጽ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ቁሌት ከሸተተው፣ ፀሐይ ካገኘው፣ ከመንገድ የመጣ ሰው በቀጥታ ከገባበት ይብስበታል ይባላል። ስለዚህ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቤቱ ጨለማና ጭር ያለ ይሆናል። ጥንቃቄው ሁሉ ለታመመው ነው። ከታመመው ወደ ጤነኛው ስለሚሄደው ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ «መቼም ለማንም አይቀር» ይላሉ። ጤነኞቹ ወንድምና እህቶችማ ቤቱን እንዳይረብሹ ተብሎ በጠዋት ወደ እማማ ዘነቡ ግቢ ይላካሉ። የእትዬ አስካለም ልጆች እንደዚያው ተላኩ።

እናቴ ቁሌቱን አቆመች። የምግብ ቤት ሴት ሽንኩርት አታቁላይ ማለት ሹፌርን ነዳጅ አትቅዳ እንደማለት ነው፤ ግን ጎረቤት ጎረቤት ነው። ሰሞኑን የሚቀርበው ቅቅልና ቅቅል ብቻ ሆነ። ሹፌሮቹ «ምነው፣ ልትመነኩሺ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም ጓዳው ውስጥ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት አስቀምጣ፣ «ሽንኩርት ጠፍቶ ነው» ትላቸዋለች። አንዱ ሹፌር ይህን ሰምቶ በማግስቱ ከሲሪንቃ ዘለላ ሽንኩርት ገዝቶ አመጣላት። እሷም አመስግና ተቀብላ ጓዳ ከተተችው።

እናቴ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ኩፍኝ ሁለት ወንድሞቿን ወስዶባታል፤ መጀመሪያ የታመመው አንዱ ብቻ ነበር፣ ሁለቱ ግን በአንድ ጋቢ ይተኙ ነበር። ስለዚህ ሌላው «አይቀር» የሚለውን እሷ አትልም። ታናሽ ወንድሜ በላይ ያኔ ገና ግድግዳ ይዞ የሚቆም ሕፃን ነው፤ ሳልም አያጣውም። እትዬ አስካለ በመጡ ማግስት ጠዋት እናቴ እሱን ጀርባዬ ላይ አሳዝላኝ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ በገመድ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። «ከዚህ ብቻ ጠጪ፤ ለእሱም ከዚህ ስጪው» አለችኝ። እማማ ዘነቡ ገና ከበር ሲያዩኝ ዓይናቸው ጣሳው ላይ አረፈ። «እናትሽ የእኔን ጣሳ ተጠየፈችው?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሎሚ እንኳ አልሰጡኝም።

ማታ ይህን ስነግራት እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። በበነጋው ጨርሶ አልላከችንም። ለእማማ «በላይ ሆዱን አሞታል» የሚል ቃል ሰደደችና እኔንና በላይን ጓዳ አስገባችን። መዋያችን የሽንኩርት ጆንያው ላይ ሆነ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን፣ የጥሬ ሽንኩርትና የናፍጣ ሽታ፣ የለስላሳ ቆርኪ፤ ይኸው ነው ያለን። በላይ ቆርኪውን ይልሳል፣ እኔ እቀማዋለሁ፣ ያለቅሳል። ሰፈሩም ማማት ጀመረ። የአንድ ቀን የሆድ ቁርጠት ሰንበት ሲል ማንም አያምንም። «ኮራች፣ ልጆቿን ከልጆቻችን ለየች» ተባለ። እማማ ዘነቡ በምግብ ቤቱ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ ያዞራሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ሁሉንም ትሰማለች፤ የሰማችውንም የእትዬ አስካለንም ምስጢር የሆድን በሆድ አድርጋ ሥራዋን ትሠራለች።

ሙና ግን አላኮረፈችም። አንድ ከሰዓት ከጓዳው ኋላ መጥታ በቆርቆሮው ክፍተት ስሜን ጠራችኝ። በክፍተቱ የሚያልፈው እጅ ብቻ ነው። ጠጠሮቿን አንድ በአንድ አቀበለችኝ፤ እኔ ከውስጥ እወረውራለሁ፣ እሷ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ ስስት ታያለች። «ድገሚ» አለችኝ። ከዚያ አስነጠሳት። እናቴ ድምፅ ሰምታ ገባች። «ሙናዬ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ የኔ ልጅ» አለቻትና ጆንያውን ጎትታ ክፍተቱን ደፈነችው። ጠጠሮቹ እኔ ጋ ቀሩ። በዚያን ቀን እናቴን ጠልቻታለሁ፤ ለምን ብዬ እዋሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሙና አልመጣችም። ቤታቸው እንግዳ ገባ ተባለ። ከእማማ ግቢ ሌሎች ልጆችም ተኙ፤ እነሱ ዳኑ፣ የእትዬ አስካለም ልጅ ዳነ። ሙና አልዳነችም። እናቴ ለቅሶው ላይ ከእትዬ ዘሐራ አጠገብ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እትዬ ዘሐራ «የአላህ ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ማንንም አልወቀሱም። ሰው የሚጽናናው እንደዚያ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

እማማ ዘነቡ ግቢያቸውን ዘጉ። ከለቅሶው መልስ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ እናቴ ማድቤት ገብተው ቆሙ። እናቴ መቀመጫ ብትሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ልጆችሽን ያስቀረሽውም ለዚሁ ነው?»

«አዎ። አስካለ አደራ ብላኝ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርዎት? የሰው ገመና ነው።»

«ለእኔ ብትነግሪኝ ለማን እነግር ነበር?» አሏት እማማ። «በሬን እዘጋ ነበር እንጂ።» ይህን ብለው ወጡ። እናቴ ቁሌት በሌለበት ምድጃ ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ አየኋት። ኋላ ከእማማ ጋር ታርቀዋል፤ ሎሚውም ተመልሷል። ግቢው ግን እንደ ድሮው ሆኖ አልተከፈተም፣ ጣሳዋም ወደ ሚስማሯ አልተመለሰችም። የክትባት ሰዎች ገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የጠሩን ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በላይ ሲወጋ ገበያውን በጩኸት አናጋው።

ይህ ሁሉ በሐሳቤ ያለፈው ኩባያውን እንደያዝኩ ነው። ወደ መደርደሪያው መለስኩትና ለጌታቸው «አትሄድም» አልኩት። «እዚህ ይዟትስ?» አለኝ። «ከያዛት ይዟታል። ከቤታችን ግን አይወጣም» አልኩት። ይህን እስክል ድረስ ጀግና ነበርኩ። ለወይዘሮ ሙሉ ልደውል ስልኩን ሳነሳ ነው ይሉኝታ የያዘኝ። በዚያ ሰሞን ኮሮና የገባበት ቤት በጣት ይጠቆማል። ሚኒባሱን ማን ይሳፈርበታል? ከሱቄ ማን ጆግ ይገዛል? ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ እናቴ ከመርሳ ደወለች። ጠዋት ጠዋት ሳትደውል አትውልም።

«ሶልያና ገባች?» አለችኝ።

«አልላክኋትም እማዬ። አባቷን አሞታል፣ ሽታ ጠፍቶበታል።»

«ደግ አደረግሽ። ለሴትዮዋ ምን አልሻት?»

«ሆዷን አሞታል ልላት ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነበር» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ለወይዘሮ ሙሉ ደውዬ የበሽታውን ስም ጠርቼ ነገርኳት። ቤታችን ኮሮና ሳይገባ አይቀርም፣ ልጄ እስከ ትናንት ከልጆቹ ጋር ውላለች አልኳት። «ተባረኪ» አለችኝ። «አሁኑኑ ለእናቶቹ እደውላለሁ፣ በሩንም እስክናይ እዘጋዋለሁ። ስምሽን ልጥራ ወይስ ልተወው?» «ጥሪው» አልኳት። ጠራችው መሰለኝ፣ ለተወሰነ ጊዜ በሱቄ በር የሚያልፈው ሰው ወደ ማዶ እየተሻገረ ያልፍ ነበር። አንዷ እናት ብቻ መጥታ ከደጅ ሆና፣ «ወንድ ልጄ አስም አለበት። እግዜር ይስጥሽ» ብላኝ ሄደች።

ዛሬ ክትባቱ አለ፣ ስልኩ አለ፣ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ኩባያ አለው። ያ ሁሉ ባልነበረበት ጊዜ እናቴ የምትችለውን አድርጋ እኔንና በላይን አትርፋለች፤ ባታደርገው ኖሮ ይህን የምጽፍ ላልኖር እችል ነበር። ያቃታት አንድ ነገር ነው፣ እሱ እኔንም ሊያቅተኝ ትንሽ ነው የቀረው።

በዚያኑ ቀን ማታ መልሼ ደወልኩላት። «ነገርኳት፣ እማዬ። ማቆያውን ዘጋችው» አልኳት። ጌታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝንጅብል አፍዪለት፣ ሶልያናን አታስጠጊበት አለችኝ። የምትሰናበተኝ መስሎኝ ነበር።

«ሙና ብትኖር» አለችኝ፣ «ይኼኔ ሶልያናን የምታክል ልጅ ትኖራት ነበር።»