ሬንጅ የተቀባው ፊሽካ

ረቡዕ ጠዋት፣ ድሬዳዋ

ከድሬዳዋ የተነሳነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጋሽ ተሰማ። የምንሄደው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ጉዳያችን አንድ የባቡር ፊሽካ ቀልጦ የቧንቧ እጀታ ከመሆኑ በፊት ማግኘት ነው።

ነገሩ የተበላሸው በእኔ ስለሆነ ከመጀመሪያው ላውራው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር የምንሆን በጎ ፈቃደኞች በድሮው የባቡር ጥገና ቤት እየተሰበሰብን አንዲት የእንፋሎት ባቡር እናጸዳለን። አንድ ሜትር ብቻ በሚሰፋ ሐዲድ ላይ ትሄድ የነበረች፣ ትንሽ፣ ጥቁር ባቡር ናት። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ሙያዬ ብሩሽ በጋዝ ነክሮ ዝገት መፋቅ ነው። ጋሽ ተሰማ ግን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ተለማማጅ ሆነው ሲገቡ ባቡሯ ራሷ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ቢሆንም እያንዳንዱን ብሎኗን ያውቁታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጥግ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ለቆራሌ ሸጠን ቀለም ገዛንበት። የዛገ ብሎን የሞላበትን ጆንያ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ከባድ ስለነበረ ኮርቼበትም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ ጥጉን አዩና “ጆንያዬስ?” አሉ። ለካ የድሮው መስመር ሥራ ሲያቆምና የነሐስ ዕቃ በየቀኑ እየተፈታ ሲጠፋ፣ የባቡሯን ፊሽካ ፈትተው፣ ሌባ እንዳያየው ሬንጅ ቀብተው፣ ከዝገቱ መሃል ቀብረውት ኖሯል። ለማንም አልተናገሩም። የዚያን ቀን ብሩሽ ሳያነሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። “ፊሽካዋ ካልተገኘ እኔም አልመጣም” አሉ። እሳቸው ከቀሩ ባቡሯን የሚያውቃት ሰው አይኖርም።

ቆራሌው ጭነቱ መርካቶ ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ጋ እንደሄደ ነገረን። በባጃጅ ከከተማ ወጥተን በአዲሱ ባቡር ተሳፈርን። ከመኤሶ በኋላ ቁጥቋጦና ግመል፣ ከአዋሽ በኋላ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጋሽ ተሰማ በመስኮት የድሮውን ሐዲድ ሲፈልጉ ዋሉ። አንድ ጊዜ ዞር አሉና “ይሄ ባቡር አይጮህም እንዴ?” አሉኝ።

“ይጮሃል እኮ ጋሼ፤ እርስዎ ተኝተው ነው።”

“አልተኛሁም።”

ተኝተው ነበር።

ሐሙስ፣ መርካቶ

ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካደርንበት ፔንሲዮን ወጥተን ፉል በዳቦ በላን። ምናለሽ ተራ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ መዶሻ በቆርቆሮ ላይ። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የመኪና ስፕሪንግ መጥረቢያ ይሆናል። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አደንቅ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ፈራሁ። እዚህ ሰፈር የገባ ነገር በነበረበት አይቆይም።

ሐጂ ከድር ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ሚዛናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጉዳያችንን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ነሐስ? ነሐስማ እኔ ጋ አያድርም ልጄ። በመጣበት ቀን አቅላጮች ይወስዱታል።”

ጋሽ ተሰማ አንድ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ላለማየት ብቻ የማይረባ ጥያቄ ጠየቅኩ። “ሐጂ፣ ነሐሱን ከብረቱ በምን ትለዩታላችሁ?”

“በዓይን ነዋ! ቢጫው ወዲያ፣ ጥቁሩ ወዲህ።”

ጋሽ ተሰማ ቀና አሉ። “ጥቁሩ የት አለ?”

“ከጀርባ ተከምሯል። ብረት ምን ያስቸኩላል?”

ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ክምር ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ከመጀመራችን በፊት ጋሽ ተሰማን አስጠነቀቅኳቸው፤ “ካገኙት ዝም ይበሉ፤ ሐጂ ደስታችንን ካዩ ዋጋ ይሰቅሉብናል።” እሺ አሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ የተሰበረ አካፋ ስናገላብጥ ቆየን፤ እጃችን ጠቆረ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ክንድ የሚያህል፣ ሬንጅ የጋገረበት ነገር ጎትተው አወጡ።

“ይኸው! ይኸው!” ብለው ጮኹ። ሶማሌ ተራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሐጂ ከድር መጡ። ዕቃውን ተቀብለው ሞረድ አነሱና ጫፉን ሁለት ጊዜ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ቢጫ ወጣ።

“ይሄ ነሐስ ነው” አሉ።

“ነው” አሉ ጋሽ ተሰማ። “የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሌባ ብረት ነው ብሎ እንዲያልፈው ነበር።”

“ሌባም አለፈው፣ እኔም አለፍኩት።” ሐጂ ሳቅ አሉ። “በብረት ዋጋ የገባ በብረት ዋጋ ይወጣል፤ ሌላው ሐራም ነው። ግን ሚዛን ላይ ይውጣ።” ከፍለን ስንነሳ ጋሽ ተሰማን ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው። “የእኔ መጋዘን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ልጄም ሚስቴም ያውቃሉ። ሰው ነን፣ ነገ አይታወቅም። ሁለተኛ ሲደብቁ ለአንድ ሰው ይንገሩ።”

ዓርብ፣ መልስ ጉዞ

ጋሽ ተሰማ ፊሽካውን በጋዜጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡት ተጓዙ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

“አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ቆሻሻ አስመሰልኩት፤ አንቺ ቆሻሻ ነው ብለሽ ጣልሽው።” ከዚያ በኋላ እስከ ድሬዳዋ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። ይህን ጊዜ ግን በእውነት አልተኙም።

ቅዳሜ፣ ጥገና ቤት

ሬንጁን በጋዝ አስለቀቅን። ከጎረቤታችን ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር ተውሰን ፊሽካውን ገጠምነው። መጀመሪያ የቆየ ግራሶ ተፋ፣ ቀጥሎ አነጠሰ፣ ከዚያ ጮኸ። ጆሯችንን ይዘን ሳቅን፣ ከዚያም አጨበጨብን። እኔ አለቀስኩም፤ ለምን እደብቃለሁ?

ጋሽ ተሰማ ግን አላጨበጨቡም። ወደ እኔ መጥተው “ደብተር ይዘሻል?” አሉኝ።

“ይዣለሁ ጋሼ።”

“ተከተዪኝ።”

ከበሩ በስተግራ አንድ የላላ ጡብ ነካ አደረጉ። “ከዚህ ኋላ የግፊት መለኪያዋ አለ። ጻፊ።” ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ ከውሃ ጋኑ ግርጌ፣ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ፤ እያሳዩኝ ስድስት ቦታ ጻፍኩ። ባቡሯን እያዳንን ነው ስንል ብንከርምም ግማሿ በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ እንደነበረች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለዚህም መርካቶ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

ከስድስተኛው በኋላ ጋሽ ተሰማ ወለሉ መሃል ቆሙ። ወደ አንዱ ግድግዳ አዩ፣ ወደ ሌላኛው ዞሩ።

“አንድ ሌላ ነበር” አሉ።

ጠበቅኳቸው።

“ረሳሁት፣ ልጄ።”

ሰባት ቁጥር ብዬ ጻፍኩና መስመሩን ባዶ ተውኩት።